አርባ አንድ ፈረሱላ

አራጌ የሚዛን ሰው ነው። መቱ ውስጥ፣ የቡና መጋዘኖች በተደረደሩበት ሰፈር፣ ሠላሳ ዓመት ሚዛን ላይ ቆሟል። ከያዮ ቡና ጭኖ የመጣ ገበሬም ሆነ ተረካቢው ነጋዴ፣ «አራጌ መዝኖታል» ከተባለ ሁለተኛ አያስመዝንም። በሰባ ሰባቱ ሰፈራ ከወሎ ሲመጣ ፊደል የሚባል አያውቅም፤ ሥራው ጆንያ መሸከም ነበር። ቁጥርን ከሚዛኑ ተማረ። ፊደሉን የለየው ግን አርባውን ካለፈ በኋላ፣ በመጀመሪያ ጆንያ ላይ ከተጻፈው፣ ቀጥሎም ከልጁ ከትግስት የአማርኛ መጽሐፍ ነው። ማንም አላስተማረውም፤ እሱም ማንንም አላመሰገነም።

እሁድ ከሰዓት በኋላ ከዱንያ ሻይ ቤት አይጠፋም። የሚያመጣው ሻዩ አይደለም፤ በቴሌቪዥን የሚተላለፈው የፊደልና የቁጥር ውድድር ነው። ዘጠኝ ፊደላት ተበታትነው ይቀርባሉ፤ ከነሱ ረጅም ቃል የመሠረተ ነጥብ ያገኛል። ከዚያ ስድስት ቁጥሮች ይሰጣሉ፤ እነሱን ደምሮ፣ ቀንሶ፣ አባዝቶ የታዘዘው ቁጥር ላይ መድረስ ነው። አራጌ ኮቱን ቆልፎ፣ ከዘራውን በጉልበቶቹ መሃል ተክሎ ያያል። ተወዳዳሪዎቹ ገና ሲያሰላስሉ እሱ መልሱን ቀስ ብሎ ይናገራል።

ይህ ነገር መምህር በምነትን እንደ እሾህ ይወጋው ነበር። በምነት ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪ ነው፤ የመቱን ሰው ግማሹን ያስተማርኩት እኔ ነኝ ባይ። ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ያለው ወንበር የእሱ ነው። የትናንት ተሸካሚ በቀድሞ ተማሪዎቹ ፊት ሲቀድመው፣ ዓመት ሙሉ ጥርሱን ነክሶ ቆየ።

አንድ እሁድ ግን አልቻለም። አራጌ መልሱን ተናግሮ ሳይጨርስ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ዷ አደረገና፦

«ይህ የሐሙሱ ድጋሚ መሆኑን የምታውቁ አላችሁ?» አለ። «ልጁ ትግስት ቤት ቴሌቪዥን አለ። ሐሙስ እዚያ አይቶ፣ እሁድ እዚህ መጥቶ አዋቂ ይሆንብናል!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ።

«መምህር፣ ሐሙስ ሥራ ላይ ነኝ» አለ አራጌ።

«በጨዋታ የሚያጭበረብር ሰው፣ ሚዛን ላይ ምን እንደሚሠራ ማን ያውቃል?»

ሳቁ ተቆረጠ። ጥግ ላይ የተቀመጠው ሰይፈዲን፣ አራጌ ቡናውን የሚመዝንለት ነጋዴ፣ የአራጌን እጆች አየ። አራጌ ያችን እይታ አላለፋትም። እጁ የተጠረጠረ መዛኝን ነገ ማን ሚዛን ላይ ያቆመዋል?

«እርስዎ ራስዎ ቁጥር ይስጡኝ» አለ። «ሐሙስም እሁድም ያልታየ። እዚሁ፣ በሰው ፊት።»

«ካልደረስክበትስ?»

«ሚዛኑን አስረክቤ ቤቴ እገባለሁ።»

«ኧረ ጋሼ አራጌ፣ ለቴሌቪዥን ጨዋታ!» አለች ዱንያ።

«ተይኝ ልጄ። ጨዋታውን ያፈረስኩት እኔ አይደለሁም።»

ዱንያ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋች። በምነት ወረቀት አውጥቶ ሁለት፣ አምስት፣ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝና ሃምሳ ብሎ ጻፈ። ከዚያ ብዙ አሰበ፤ ክፉ ቁጥር ሲፈልግ ፊቱ ላይ ይነበብ ነበር።

«ስድስት መቶ ዘጠና ሰባት!» አለ በመጨረሻ። «ለሁለት እምቢ፣ ለሦስት እምቢ፣ ለአምስትና ለሰባትም እምቢ ያለ ቁጥር ነው። በል፣ እንደ ጆንያህ ተሸከመው!»

መምህሩ ዕድሜውን በቡና አገር ኖሮ፣ ቡና በምን እንደሚመዘን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቀም። አንድ ፈረሱላ አሥራ ሰባት ኪሎ ነው። አራጌ ወረቀቱ ላይ ቁጥር አላየም፤ ቡና አየ።

«ስምንትና ዘጠኝ አሥራ ሰባት፤ አንድ ፈረሱላ» አለ። «ከሃምሳው ላይ ሰባት ይነሳ፣ ሁለት ይነሳ፤ አርባ አንድ። አርባ አንድ ፈረሱላ ስድስት መቶ ዘጠና ሰባት ኪሎ ነው። አምስቷን አልፈለግኳትም፤ ይውሰዷት።»

«ዱጋዳ! እውነት ነው!» አለ ሰይፈዲን ከጥጉ ብድግ ብሎ። «ልክ አርባ አንድ!»

በምነት ወረቀቱ ላይ ሁለት ጊዜ አሰላ። ከዚያ ፈገግ ለማለት እየሞከረ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ። «በል እንግዲህ፣ ቀልዴን እኮ ነው።»

የአራጌ እጅ ከከዘራው ላይ አልተነሣም።

«በሚዛኔ አይቀለድም። ሌባ ያሉኝ በሰው ፊት ነው፤ ‹ዋሽቻለሁ› የሚሉትም በሰው ፊት ነው። እጅዎን ያን ጊዜ ያምጡ።»

በምነት እጁን ሰብስቦ፣ ባርኔጣውን አንሥቶ ወጣ። ያችን ቃል እስከ ዛሬ አልተናገራትም። መንገድ ላይ ሲገናኙ አንዱ ግራውን፣ አንዱ ቀኙን ይዞ ያልፋል።

ሰኞ ጠዋት ሰይፈዲን ቡናውን አስጭኖ መጋዘኑ ደረሰ። አራጌ የመጀመሪያውን ጆንያ መዘነ፤ ኪሎውን ጠራ። ሰይፈዲን እንደ ልማዱ «ቀጥል» ሲል፣ አራጌ ተሸካሚዎቹን አስቆመና ያንኑ ጆንያ ወደ ሚዛኑ አስመለሰ።

«ምነው ጋሼ አራጌ? ተመዝኗል እኮ።»

«ላንተ ከዛሬ ጀምሮ ሁለት ሁለቴ ነው የምመዝነው» አለው። «ትናንት እጄን አይተሃል።»