ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ባትሪ

አባቴ ማጭድ ይዘው ጎንበስ ካሉ በኋላ ቀና ለማለት የሰው እጅ የፈለጉበትን ዓመት አልረሳውም። ከመካነ ኢየሱስ ከተማ በእግር ሁለት ሰዓት በሚወስድ መንደር ነበር የሚኖሩት፤ ለሁለቱ በሬዎቻቸው ድርቆሽ የሚሆን የሣር መሬት ነበራቸው። ሣሩ ከብት ሳይገባበት ይከርምና ጥቅምት ሲጠባ ይታጨዳል። የሚታጨደውም በወንፈል ነው፤ ዛሬ የእኔን፣ ነገ ያንተን። ወንፈል የጉልበት ብድር ስለሆነ፣ ሰው አሳጭዶ በተራ መልሶ አለመሄድ ነውር ነው።

የአባቴ ወገብ ይህን ብድር መመለስ አቃተው። ወንድ ልጅ የላቸውም፤ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ እኔም ከተማ ተቀምጬ አስተምራለሁ። በእኛ አገር ሴት ታርማለች፣ ነዶ ትሸከማለች እንጂ ለሣር አጨዳ ወንፈል አትቆጠርም። በመጨረሻው ዓመት ሦስት ቀን ታጭዶላቸው የመለሱት አንድ ቀን ነው፤ ያንኑም አንድ ቀን ጥላ ሥር ተቀምጠው የሰው ማጭድ ሲስሉ ዋሉ። ማንም ክፉ አልተናገራቸውም። እሳቸው ግን ከዚያ ወዲህ በጎረቤት ደጅ ማለፍ ትተው፣ ቤተ ክርስቲያን እንኳ በገደሉ ጥግ ዞረው መሄድ ጀመሩ። ይህን ሳይ አንጀቴ አረረ። ለሥልጠና ባሕር ዳር በሄድሁበት በባትሪ የሚሠራ የሣር ማጨጃ ገዝቼላቸው መጣሁ።

ረጅም ዘንግ አለው፤ በትከሻ ይነገታል፣ ከጫፉ ክብ ምላጭ ይሽከረከራል፣ ጎንበስ አያሰኝም። መጀመሪያ ቀን ሲያስነሡት በሬዎቹ ደንብረው ችካላቸውን ነቅለው ጠፉ፤ እናቴ አማተበች። አባቴ ግን ቀጥ ብለው እንደ ቆሙ አንድ ጥግ አጭደው ሲጨርሱ ፊታቸው በራ።

አያያዛቸው ለጉድ ነበር። ከምላጩ ሥር የተጠመጠመውን ሣር በስንጥር እየፈለቀቁ ያወጣሉ፤ በደረቅ ጨርቅ ይወለውሉታል። ማንገቻው ናይሎን ነው ብላቸውም አልሰሙኝ፤ እንደ ቆዳ ጠፍር የኑግ ዘይት ያሹታል። ባትሪው ሲያልቅ በአገልግል አድርገው ገበያ በሚወጣ ሰው ይልኩልኛል፣ እኔም ቤቴ ቻርጅ አድርጌ እመልሳለሁ። መብራት ከጠፋ አባቴም ሣሩም ቁጭ ብለው ይጠብቃሉ። እንዲህ እየሆነ በዐሥራ ሁለት ቀን ብቻቸውን ጨረሱት፤ የአንዲት መበለት ጎረቤታቸውንም መሬት ጨመሩላት፤ ያውም መልስ ሳይጠብቁ።

ያን ጊዜ ነው ከወንፈሉ የወጡት። ያደፋፈርኋቸው እኔ ነኝ። የወንፈሉ አለቃ ከልቡ የሚወዳቸው ጎረቤት ነበር፤ ሐሳባቸውን ሊያስቀይር ደጃችን ድረስ መጣ።

«እርስዎ ሲታመሙ እኛ እንመጣለን፤ ብረቱ ሲታመም ማን ይመጣልዎታል?» አላቸው።

አባቴ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ እንዲያውም የእኔ ሳቅ ይበልጥ ነበር።

ክረምት ሊገባ ሲል ባትሪውን እንዴት አድርገው እንደሚያስቀምጡት ጠየቁኝ። የእንግሊዝኛ መመሪያ ወረቀቱ እጄ ላይ ነው፤ ወደ ከተማ የሚመለሰው አይሱዙ ደግሞ መንገድ ላይ ቆሞ ጥሩምባ ይነፋል። ገለጥ አድርጌ የመጀመሪያውን መስመር አነበብሁና እርጥበት እንዳይነካው አልኋቸው።

«ሌላስ ምን ይላል?» አሉኝ።

«ሌላ የለውም አባባ፤ ይኸው ነው።»

ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ወትፌ ሮጥሁ። ለምን እንደ ቸኮልሁ አሁን ሳስበው ይገርመኛል፤ ከተማ የሚጠብቀኝ የሚታረም የፈተና ወረቀት ብቻ ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

በእኛ ቤት ከእርጥበት መዳን ያለበት ነገር ቦታው አንድ ነው፤ ከምድጃው በላይ። የዘር በቆሎው፣ የቅል ፍሬው፣ የሞፈሩ ማሰሪያ ጠፍር ሁሉ እዚያ ጭስ እየጠጣ ይከርማል፤ ነቀዝም ሻጋታም አይደርስበትም። አባቴ ባትሪውን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው ከዘር በቆሎው መካከል ሰቀሉት። ከዚያ የከበረ ቦታ በቤታቸው አልነበራቸውም። እናቴ ከሥሩ ሦስት ወር ሙሉ እሳት አነደደች። እኔ ያን ክረምት ወንዙ ሞልቶ ስለ ነበር አልሄድሁም።

ጥቅምት ላይ ሲያወርዱት ጎኑ አብጦ ልባሱ ተሰንጥቋል። ላኩልኝ፤ ቻርጅ ላይ ስሰካው ብልጭ እንኳ አላለም። ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ ያን ቀን እስከ መጨረሻው አነበብሁት። ከእርጥበቱ ቀጥሎ ያለው መስመር ከእሳትና ከሙቀት አርቁ ይላል። ቀጥሎ ያለው፣ ከዚያው ሥር።

ሌላ ባትሪ ፈለግሁ፤ መንገዱ ተዘግቶ ስለ ነበር ከባሕር ዳር የሚመጣ ዕቃ አልነበረም። ወደ ወንፈሉ አለቃ ሄደው እንዲያነጋግሩት መልእክት ላክሁላቸው። አልሄዱም። «በሳቅሁበት አፌ አልለምንም» ማለታቸውን እናቴ ኋላ ነገረችኝ። ማጭዳቸውን ስለው ብቻቸውን ገቡበት። በአራተኛው ቀን እናቴ ምሳ ይዛ ስትሄድ ከሣሩ መካከል ወድቀው አገኘቻቸው። ከሐኪም ቤት ሰንብተው ሲመለሱ ግራ ጎናቸው አልታዘዝ ብሎ ቀርቶ ነበር።

እኔም ፈቃድ ጠይቄ አብሬያቸው መጣሁ። በማግስቱ ወንፈለኞቹ ማንም ሳይጠራቸው ማጭዳቸውን ይዘው ደረሱ። የወትሮው ዘፈንና ቀልድ አልነበረም፤ የሚሰማው የማጭዱ ድምፅ ብቻ ነው። አባቴ ከመደቡ ላይ ሆነው በተከፈተው በር መሬታቸው ሲታጨድ ያያሉ። ይህ የማይመለስ ብድር መሆኑን ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

«ወደ ግድግዳው አዙሪኝ» አሉኝ።

አዞርኋቸው። ፊታቸውን ሳይመልሱ፣ ያ ወረቀት ሌላ ምን ይል እንደ ነበር ጠየቁኝ።

«ያጠፋሁት እኔ ነኝ እንዴ?» አሉ።

ወረቀቱ አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ልናገር ነበር፤ እውነቴን ነው፣ ከንፈሬ ተላቅቆ ነበር። ፈራሁ። ለእሳቸው አዝኜ ይሁን ለራሴ ሳስቼ ዛሬም ለይቼ አላውቀውም።

«ሌላ የለውም አባባ» አልሁ።

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ። «እንግዲያ ከብረቱ ነው» አሉ፤ ያን ዕለት እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስኪያርፉ ድረስ ለመጣው ጠያቂ ሁሉ፣ ለንስሐ አባታቸውም ሳይቀር፣ በሚጎተተው አንደበታቸው «ባትሪውን ልጄ አንብባ እንደ ነገረችኝ ነው ያስቀመጥሁት» ይሉ ነበር። ጠያቂዎቹም «ልጅስ እንዲህ ናት፣ የአባትሽ ምርቃት ይድረስሽ» ይሉኛል። እኔም ከራስጌያቸው ተቀምጬ አሜን እላለሁ።