ፈለክና የእማዬ እንዝርት

«ፈለክ» የሚለውን ቃል በሰማሁ ቁጥር ዛሬም ቅናቴ ይነሳብኛል። ሰው በቃል ይቀናል ወይ ትሉኝ ይሆናል። እኔ የቀናሁት በጎረቤታችን ልጅ በሐያት ነው።

ልጅ እያለሁ፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሳይሠራ፣ እዚያው ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ነበር የምንኖረው። እማዬ ከሰዓት በኋላ በር ላይ ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች። ብናኙ አፍንጫዬን ሲያሳክከኝ አሁንም ትዝ ይለኛል። እኔ ልሞክር ስል ክሩ ብጥስ ይልብኛል። «እጅሽ ችኩል ነው» ትለኝና ትቀበለኛለች። ሐያት ግን በሳምንቷ ለመደችው። እማዬ እጇን ይዛ ስታሳያት እኔ ሱዚ እየዘለልኩ በጎን አያቸው ነበር።

አራተኛ ክፍል ሳለን የአማርኛ መምህራችን «ሥነ ፈለክ» ብለው ሰሌዳው ላይ ጻፉ። ፈለክ በሰማይ የሚዞር ክብ ማለት ነው አሉን። ዐረብኛ ውስጥ ያለው የቃሉ የቅርብ ዘመድ ደግሞ እንዝርት ላይ ያለችው ክብ የምትጠራበት ነው አሉ። የጥንት ሰዎች የሰማዩን መዞር ሲያዩ ቤታቸው ውስጥ የሚሾረው እንዝርት ሳይታወሳቸው አልቀረም አሉን። «እንዝርት ያለው ነገ ይዞ ይምጣ!» ሲሉ ከወንበሬ ዘልዬ ተነሳሁ። በመጨረሻ እኔ ብቻ ያለኝ ነገር ተገኘ።

በማግስቱ ክፍሉ ፊት ቆሜ ባሾረው ክሩ ሦስት ጊዜ ተበጠሰ። ልጆቹ ሳቁብኝ። ሐያት ተነስታ ተቀበለችኝና ጣቷን እንኳ እንደ እማዬ ምራቅ አስነክታ አሾረችው። ክሩ እየቀጠነ ወረደ፣ ተጨበጨበላት። መምህሩ «ማን አስተማረሽ?» ሲሏት «የእሷ እናት» ብላ ወደ እኔ ጠቆመች። እናቴን የወሰደችብኝ መሰለኝ።

ብቻዬን ወደ ቤት ስመለስ ሰንጋ ተራ ጋ ስደርስ እንዝርቱን በጉልበቴ ሰበርኩት። ለእማዬ «ሐያት ናት የሰበረችው» አልኳት። ከዓመታት በኋላ ሰፈሩ ፈረሰ፤ እነሐያትም ወደ ከተማው ዳር ሄዱ።

አሁን እማዬ እኔ ጋ፣ ኮንዶሚኒየሙ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትኖራለች። ባለፈው ሳምንት ልጄ ስልኳ ላይ ስለ ፕላኔቶች ስታነብ ፈለክ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። «እንዝርት ደግሞ ምንድን ነው?» አለች።

«አሳይሽ ነበር፤ ሐያት የምትባል ልጅ ሰብራብኝ እንጂ» አለች እማዬ።

«እማዬ፣ እኔ ነኝ የሰበርኩት።»

እማዬ ትክ ብላ አየችኝ። «እንዴ! ስጠይቃት እኮ ‹አዎ፣ ሳላስበው ነው፣ ይቅር ይበሉኝ› ብላ አልቅሳብኛለች። ከዚያ ወዲያ አጠገቤ አላስቀመጥኳትም።»

ሐያት ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም። ያኔ የቀናሁት በጣቶቿ ብቻ ነበር፤ ዛሬ የምቀናው ጥፋቴን በተሸከመው ልቧ ነው።