አማትና ምራት ሙታን አገር የወረዱበት ሰሞን

ምራቲቱ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት ውስጥ መጽሐፍ ትጠርዛለች። ጀርባው የተላቀቀውን ስትሰፋ፣ ገጹ የረገፈውን ስታጣብቅ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ባልደረቦቿ «ሙጫ» የሚል ስም አውጥተውላታል፤ እሷም አትከፋም። «ምን ላድርግ፣ ከያዝኩ አልለቅ!» ትላለች። የሚያስቀው ግን፣ ያን ሁሉ መጽሐፍ ስትጠግን አንዱንም ከዳር እስከ ዳር አንብባ አታውቅም። ቀኑን ሙሉ ዳቦ ሲጋግር የዋለ ሰው ዳቦ አያምረውም፤ የእሷም ነገር እንደዚያው ነበር።

ቤቷ ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ የእሷ፣ አንዱ የአማቷ። ባሏ በሳንባ ሕመም ከሞተ ሦስት ዓመት አልፎታል፤ ልጅ አልወለዱም። ጎረቤት «እሱ ከሌለ አማትና ምራት ምን ያኖራቸዋል?» ቢልም፣ ሁለቱ «ሂጂ»ም «ልሂድ»ም ሳይባባሉ አብረው ቀሩ። አማቷ ስልክ ቤት መሥመር ሲያገናኙ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ዓይናቸው የደከመ፣ አንደበታቸው ግን ያልደከመ ሴት ናቸው። የማያወሩት ነገር የለም፤ ስለ ሟቹ ብቻ ትንፍሽ አይሉም። ነገሩ ወደ እሱ ሊያዘነብል ሲል አንዳቸው ሻይ ሊጥዱ ይነሳሉ።

አንድ ቀን ሙጫ የምትሠራበት ጠረጴዛ ላይ ሽፋኑ የተገነጠለ ወፍራም ልብ ወለድ መጣ። ገጾቹ ተዘበራርቀዋል፤ የገጽ ቁጥሩ ያለበትን ጥግ ደግሞ አይጥ በልቶታል። ደርዝ ለማስያዝ ማንበብ ግድ ሆነባት። ታሪኩ የሙታን ቋንቋ ስለሚያስተምር የጨለመ ኮሌጅ ነው። አንዲት ተማሪ የታመመች ጓደኛዋን ለብቻዋ ትታ ፈተና ልትቀመጥ ትሄዳለች፤ ስትመለስ ጓደኛዋ ሞታ ታገኛታለች። ከዚያ ልትመልሳት ከኮሌጁ ሥር ባለው ደረጃ ሙታን አገር ትወርዳለች። በየበሩ ጠባቂው ጥያቄ ይጠይቃታል፤ ከተሳሳተች ከምታውቀው አንድ ነገር ትነጠቃለች።

ሙጫ አለቃዋን አስፈቅዳ መጽሐፉን ቤት ወሰደችው። ከሥራ መልስ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ለአማቷ ታነብላቸው ጀመር።

«ያን ሁሉ ደረጃ ስትወርድ ጉልበቷን አላመማትም?» አሉ በመጀመሪያው ቀን።

«ወጣት ናት እማማ።»

«ያ በር ጠባቂም ሥራ አያውቅ! እኔ ብሆን ‹መሥመር ተይዟል፣ ቆይተው ይሞክሩ› ብዬ እመልሳት ነበር።»

በአሥረኛው ቀን ተማሪዋ ጓደኛዋን አገኘቻት። በግራጫ ወንዝ ዳር ተቀምጣለች። ሟቿ ተማሪዋን ስለ አየሩ፣ ስለ መንገዱ ጠየቀቻት፤ ብቻዋን ትታት ስለሄደችበት ቀን ግን አንድም ነገር አላነሳችም።

«ለምን አትጠይቃትም?» አሉ አማቷ። «‹የት ነበርሽ?› አትላትም እንዴ?»

ሙጫ መጽሐፉን አጠፈችው። ሻይ ልትጥድ ብድግ ስትል እጇን ያዟት።

«ተቀመጪ ልጄ። ያን ቀን ‹ቤት ሄደሽ ትንሽ ተኚ› ብዬ ከሆስፒታል የላክሁሽ እኔ ነኝ። ሰዓት እንኳ ሳይሞላ አለፈ። ‹ባሌን እንዳልሰናበት አደረጉኝ› ትላለች እያልኩ ስቃጠል ኖሬአለሁ።»

«እኔ ደግሞ ‹ልጄን ጥላው ሄደች› ይሉኛል ብዬ…»

«የላክሁሽ እኔ ሆኜ?»

«እሺ ብዬ የሄድኩትስ እኔ አይደለሁ?»

ተያዩ። አማቷ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ድምፅ አወጡና ራሷን ወደ ደረታቸው ሳቧት። እዚያው እንዳለች ሦስት ዓመት ሙሉ ያልደፈረችውን ጠየቀች።

«ሊያልፍ ሲል ምን አለ?»

«ትልቅ ነገርማ አልተናገረም። ውሃ ጠጣ። ከዚያ ‹ጫማዋ ውሃ ያስገባል፣ ክረምት ሳይገባ ትቀይረው› አለኝ።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«አለመኖርሽን የማስታውስሽ መሰለኝ።»

ሙጫ ባሏ ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ቀን አልቅሳ አታውቅም። ለቅሶው ግን አላደከማት፤ ሲያበቃ ራባት። ዳቦ ቆርሰው እየበሉ፣ ሟቹ ቧንቧ ልጠግን ብሎ ቤቱን ጎርፍ ያደረገበትን ቀን እያነሱ ሳቁበት።

መጽሐፉን በሳምንቱ ጨረሱት። ተማሪዋ ጓደኛዋን ሳትመልስ ብቻዋን ወጣች። አማቷ «ደግ አደረገች» አሉ። ሙጫም በሰማያዊ ጨርቅ ጠርዛ መለሰችው። አለቃዋ «ሌላ ልስጥሽ?» ሲላት፣ «አማቴ ሰው የማይሞትበት ይሁን ብለዋል» አለችው። የፍቅር ታሪክ መርጦ ሰጣት።

ሦስት ቀን እንደተነበበላቸው አማቷ እጃቸውን አወናጨፉ።

«እነዚህማ ምንም አልጎደላቸው፤ ምን ብለን እንማቸው? ባይሆን ያንን የሙታኑን ከመጀመሪያው አምጪልኝ፤ ስናወራ ያመለጠኝ አለ።»