የአብዬ ሰይድ ቁርቁራ

ይሄን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴም። ይስቁብኛል ብዬ ፈራሁ፤ ኃጢአቴም የመጣው ከዚሁ ፍርሃት ነው።

ቆቦ ላይ ዲሽ እሰቅላለሁ። ከሥራዬ ይልቅ በቀልዴ ነው የምታወቀው። ያላሾፍኩበት ሰው የለም፤ ቦርጬ ከእኔ ቀድሞ ቤት ይገባል እያልኩ የማወራውም እኔው ነኝ።

አብዬ ሰይድ ከደረቁ ወንዝ ማዶ ያሉ ጎረቤቴ ነበሩ። ግማሽ ጎናቸው አልታዘዝ ብሏቸው፣ ቀኑን ሙሉ ደጃቸው ካለው ቁርቁራ ጥላ ሥር ይተኛሉ። የቆቦን ፀሐይ ታውቁታላችሁ፤ ቤታቸው ያ ዛፍ ነበር። ማዶ ኔትወርኩ ለድምፅ እንጂ ለምስል አይበቃም። ጅዳ ያለችውን ልጃቸውን ዘይነብን ከሄደች ወዲህ አላዩዋትም።

"አብሽሩ! ከእኔ ጣሪያ ዋይፋይ በአየር እልክልዎታለሁ" አልኳቸው።

በሁለታችንም ጣሪያ ላይ አንቴና ተከልኩ። ሁለቱ ፊት ለፊት መተያየት አለባቸው። አልሠራም። ሰፈሩ ከቦ ሲያየኝ ጊዜ ጨነቀኝና ቁርቁራውን አሳየሁ፤ "ይሄ ነው የከለለው።"

አብዬ ሰይድ ዛፉን ቀና ብለው አዩት። "ለዘይነብ ፊት ከሆነ ቁረጡት" አሉ።

ወንድማቸው መጥረቢያ ሲያነሳ እኔ ቤቴ ሄጄ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። አንቴናዬን ያዞርኩት ለካ አጠገባቸው ወዳለው የማሽላ መጋዘን ኖሯል! ለማሽላ ዋይፋይ ሳድል ነው የዋልኩት። የመጥረቢያው ድምፅ ከማዶ ይሰማኛል። ስልኬ እጄ ላይ ነው። "ተዉት" ማለት አቃተኝ? አላቃተኝም። እኔ፣ በሰው ሁሉ የምስቀው እኔ፣ እንዲሳቅብኝ አልፈለግኩም። እስኪወድቅ ቆሜ ጠበቅኩ። ሲወድቅ አንቴናዬን ትንሽ ገፋ አደረግኩት። ሠራ።

ስመለስ ዘይነብ ስልኩ ላይ እያለቀሰች ነበር።

"አብዬ፣ እስቲ ቁርቁራችንን አሳዩኝ። በህልሜ እሱን ነው የማየው።"

"ላንቺ ሰደቃ አወጣነው፣ ልጄ" አሏት። ወደ እኔ ዞረው፣ "አላህ ይስጥህ፣ ዓይኔን መለስክልኝ።"

አሜን አልኩ። እኔ ነኝ አሜን ያልኩት።

ጥላቸው ከሄደ በኋላ ቤት ውስጥ መዋል ጀመሩ፤ በዚያው በጋ ከዚያ እንደ ምድጃ ከሚግል ቆርቆሮ ቤት አስከሬናቸው በቃሬዛ ወጣ። ሙቀቱ ነው? ዕድሜ ነው? ዕድሜ ነው ብዬ አላመልጥም።

ዘይነብ ዛሬም በየኢዱ "አባቴን ያሳየኸኝ" እያለች ትደውልልኛለች። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ዛፉም አባቱም የእሷ ነበሩ። ስትደውል እነግራታለሁ ብዬ እምላለሁ። ስትደውል ቀልድ እነግራታለሁ። ትስቃለች።