ሕመም የሌለው ቁስል

በጨፋ ሸለቆ ከብት ሲወድቅ መጀመሪያ የሚጠራው ሰው ጀይሉ ነበር። ቢላዋ ሳይደርስለት የሞተ ከብት በክት ነው፤ አይበላም። ስለዚህ ጀይሉ የያዘውን ሥራ ጥሎ፣ ሽርጡን ሰብስቦ ይሮጣል። ነፍሱ ሳትወጣ ይደርስና «ቢስሚላህ» ይላል፤ ሥጋው ይተርፋል። ከብቱ ለምን እንደወደቀ የሚጠይቅ አልነበረም። አሁን ሳስበው ያናድደኛል። ያኔ ግን እኛ ጎረቤቶቹስ እየበላን «እጅህ ይባረክ» ከማለት በቀር ምን ብለናል?

በ፲፱፻፶፬ ዓ.ም. በበጋው የዘሃራ በሬ ወደቀ። ዘሃራ ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጆች የምታሳድግ ጎረቤታችን ናት፤ ከዚያ በሬ ሌላ አልነበራትም። ጀይሉ ደርሶ አረደው። ደሙ መጥቆሩን፣ አልረጋም ማለቱንም አይቷል። ግን «በሬሽም ሄደ፣ ሥጋውም አይሆንሽም» ለማለት አንጀቱ አልቻለም። ቆዳውን ገፈፈላት፤ ሥጋውን ለቋንጣ ዘለዘለላትና ሄደ።

ውሎ አድሮ ክንዱ ላይ ትንኝ የነከሰችው የሚመስል ነገር ወጣ። አከከው። ውሃ ቋጠረ፣ ፈረጠ፣ መሃሉ እንደ ከሰል ጠቆረ። ክንዱ እስከ ትከሻው አበጠ፤ ግን አያመውም። ሚስቱ ሙሚና «ታከም» ባለችው ቁጥር ቁስሉን በጣቱ እየተጫነ ይስቅባታል፦ «ይኸው፣ ምንም!» ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው። ትኩሳቱ ሲይዘው ግን ሙሚና እየጎተተች ከሚሴ ክሊኒክ አደረሰችው።

ድሬሰሩ አብዱሰላም ክንዱን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። «አባ ሰንጋ ነው። የታመመ ከብት ነክተሃል።»

«ካላመመኝ ምኑን በሽታ ሆነ?»

«ክፋቱ እሱ ነው። ሰውነትህ ውስጥ ተውሳክ የሚበሉ ዘበኞች አሉ። ሌላ ቁስል ሲሆን ተሰብስበው ይዋጋሉ፤ መግሉ የነሱ ሬሳ ነው። ይሄኛው ተውሳክ ግን መርዝ ይረጭና ዘበኞቹን ያሽመደምዳቸዋል። ክንድህንም ያሳበጠው መርዙ ነው።» ፔኒሲሊን ወጋው። «ሥጋውን የበላ ካለ ዛሬውኑ አምጣ። ሆድ ከገባ ከዚህ ይብሳል። የተረፈውን አቃጥሉት።»

ጀይሉ ከክሊኒኩ ወጣ። ቢናገር ስሙ ይጠፋል፤ ዝም ቢል የዘሃራ ልጆች ያልቃሉ። በሕይወቱ ሁሉ ሮጦ የደረሰ ሰው፣ ያን ቀን ወደ ዘሃራ ቤት የሄደው እየተጎተተ ነው።

«ድርሻህን አስቀምጬልሃለሁ» ብላ ተቀበለችው።

«ዘሃራ፣ ሥጋው መርዝ አለው። ልጆቹን ክሊኒክ እንውሰዳቸው።»

«ያ ረቢ! በአላህ ስም ያረድከው አንተ አይደለህም እንዴ?»

«እኔው ነኝ» አለ።

ትንሹ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ ሆዱን ይዞ ተኝቷል። ዘሃራ ወደ ልጁ ዞር ብላ አየችና ክርክሩን ተወች። አብራው የመጣችው ሙሚና ቋንጣውን ልታቃጥል ቀረች፤ ጀይሉ ልጁን በደህናው ትከሻ ተሸከመ፤ ዘሃራ ሌሎቹን ሁለቱን እጃቸውን ይዛ ተከተለች።

ቀኑ የጨፋ ሮቢት ገበያ ነበር። አገሩ በሙሉ ወደ ሮቢት ይወርዳል፤ እነሱ ወደ ከሚሴ ይወጣሉ። ባንድ ወገን የቦርከና ረግረግ፣ በሌላው እሾህ፤ ማምለጫ ተለዋጭ መንገድ የለም። የሚያገኙት ሰው ሁሉ ጀይሉ ያረደለት ነው፣ ሰላም ሳይለውም አያልፍም። መጀመሪያ የተገናኙት ኢብራሂም ነው፤ ባለፈው ሳምንት የወደቀች ጊደሩን ደርሶ ያረደለት ጀይሉ ነበር።

«አካም ጅርታ፣ ጀይሉ!» ብሎ ለሰላምታ እጁን ዘረጋ። «ልጁ ምን ሆነ?»

ጀይሉ ቆመ። ዘሃራ ከኋላው ምን እንደሚል ትጠብቃለች።

«የታመመ ከብት አርጄ አበላኋቸው» አለ።

ኢብራሂም የዘረጋውን እጁን ሰበሰበ። «የኔስ ጊደር?»

«ወላሂ አላውቅም» አለ ጀይሉ። «ልጆችህን ይዘህ ተከተለኝ።»