ዝናቡ በረከተ

ማክሰኞ፣ ደሴ

ጎህ ሲቀድ የጭነት መኪናው ጋቢና ገባሁ። ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ሾፌሩ ጋሽ ይመር ባዶ እጄን አይተው ዕቃ ልታደርሺ ነው ወይስ ልታመጪ አሉኝ። ላመጣ ነው አልኳቸው።

የማመጣው የዝናብ መለኪያ ቆርቆሮ ነው። በየአገሩ ለመሥሪያ ቤታችን ያለ ደመወዝ ዝናብ የሚለኩ ሰዎች አሉ፤ አስተማሪዎች፣ ቄሶች፣ ሼኾች፣ ባለሱቆች። ደጃቸው ላይ ቆርቆሮ ተክለው ጠዋት ጠዋት ያያሉ፤ በገበያ ቀን ስልክ ቤት ሄደው ይነግሩናል። የእርዳታ እህል ወዴት ይላክ ሲባል የእነሱም ቃል ይጠየቃል። ከመካነ ሰላም ወዲያ ያሉት ሼኽ እንድሪስ ታዲያ ክረምቱን ሙሉ «ዝናቡ በረከተ» ሲሉን ከረሙ። ዘነበለት ተብሎ የሼኹ አገር ቦረና ከእህሉ ተራ ወጣ። ኋላ ግን የቦረና ሰው በየመንገዱ ዳር እየወደቀ ደሴ ደረሰ።

ንጉሡ ከዙፋን ከወረዱ ወዲህ የአለቃዬ ድምፅ ወፍሯል። አዲሱ ጊዜ ውሸታም አይሸከምም፣ ቆርቆሮውን ነቅለሽ አምጪ አለኝ። መሄድ የፈለገ ሌላ ሰው አልነበረም። እኔን ደግሞ ወንበር ያንገሸግሸኛል።

ጉጉፍቱ ተራራ ላይ ብርዱ ጥርስ ያንገጫግጫል። ኬላ ላይ አንድ ወታደር ለማን ነው የምትሠሪው አለኝ። ለዝናብ አልኩት።

«እሱማ ከድቷል» ብሎ አሳለፈን።

አቀስታ አደርን። ሻይ ቀጭን፣ ዳቦ ድንጋይ፣ ዋጋው የከተማ። አልጋ ያከራየችኝ ሴትዮ ብቻሽን ነሽ አለችኝ። ብቻዬን ነኝ አልኳት።

«ማን ሞቶብሽ ነው?»

ማንም አልሞተብኝም ብላት አላመነችኝም። ብርድ ልብስ ጨመረችልኝ።

ረቡዕ፣ መካነ ሰላም

ከአቀስታ ወዲህ ቤቱ ሁሉ ደጁ በእሾህ ተዘግቷል። ጭስ የለም፣ የሚጮህ ውሻ የለም። ጋሽ ይመር ድሮ እዚህ ጡሩምባ ሲነፉ ቅቤና እንቁላል የያዘ ሰው ይሮጥ እንደነበር ነገሩኝ። ዛሬ አልነፉም። እኔም ንፉ አላልኳቸውም።

ከከተማው በእግሬ ወጣሁ። መንገዱ ላይ የራሴን ጫማ ድምፅ ብቻ ነው የምሰማው። ሼኽ እንድሪስ ደጃቸው ላይ ቆመው ነበር፤ ቀጭን ሽማግሌ፣ ነጭ ኮፍያ። አጠገባቸው በእንጨት ላይ የተተከለው ቆርቆሮ ተወልውሎ ያበራል። ቁርዓን የሚያስቀሩበት ጎጆ ባዶውን ተከፍቷል። የሚያስተምሯቸው ደረሶች የሉም።

ሰላምታ ሳልጨርስ ተናገርኩ። ቆርቆሮውን ልወስድ ነው የመጣሁት፣ ዋሽተዋል ተብለዋል አልኳቸው።

«መርሐባ ልጄ፣ መጀመሪያ ግቢ» አሉ።

ባለቤታቸው እማማ ዘሐራ የገብስ ቆሎ በሰፌድ አቀረቡልኝ። ርቦኝ ስለነበር በልቼ ጨረስኩት። ከዚያም ያለ ሐፍረት ሌላ የለም ወይ አልኩ።

«በረከተ፣ ልጄ» አሉ እማማ ዘሐራ፤ ባዶውን ሰፌድ ገልብጠው አስቀመጡት።

እጄ አየር ላይ ቀረ። እናቴም ቤት እንጀራ ሲያልቅ አለቀ አይባልም፤ በረከተ ነው። ለዝናብ ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም።

«ሼኽ እንድሪስ፣ ዝናቡ በረከተ ሲሉን...»

«ታዲያ የአላህን ራሕመት፣ ምሕረቱን፣ የለም ልበል?» አሉ። «ቆርቆሮው ሲደርቅ በረከተ እላለሁ። ደሴ ስልኩን የሚያነሳው ልጅ እሰየው ሲለኝ የሚያላግጥብኝ መስሎኝ ነበር።»

ቀስ ብለው ጠየቁኝ።

«እህሉ የቀረው በዚህ ነው?»

አፌ ዝምታ አያውቅም፤ ያን ጊዜ ግን መዋሸት አማረኝ።

«አዎ» አልኳቸው።

ወጡ። የደረሶቹን ጎጆ በር ዘጉና የቆርቆሮውን እንጨት ራሳቸው ይነቀንቁት ጀመር። ለእኔ ሊነቅሉልኝ ነው። እንጨቱን ያዝኩባቸው። በልግ እየመጣ ነው፣ ይህ ከሄደ ለቦረና ማን ይናገራል አልኳቸው። እንጨቱን ለቀቁት።

ሐሙስ፣ ስልክ ቤት

ከሼኽ እንድሪስ ጋር ወደ ከተማው ወረድን። መስመሩ እየተቆራረጠ ለአለቃዬ አስረዳሁት። ቃሉ ምንም ይሁን፣ ቆርቆሮውን አምጪ አለ። ሰዎቹን ምን ማለታችሁ ነው ብለን ጠይቀን እናውቃለን ወይ? እንዲህ በሉ ብለን ነግረናቸው እናውቃለን ወይ? ብዬ ጮህኩ። ከዚያ መነጋገሪያውን ለሼኽ እንድሪስ ሰጠኋቸው። ወዲያ ማዶ ከአለቃዬ የተረከበው ስልክ ተቀባያችን እንደ ልማዱ ዝናቡስ ሲል ይሰማኛል።

ሼኽ እንድሪስ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«የለም» አሉ። «አስተግፊሩላህ፣ አላህ ይማረኝ። ምንም የለም።»

መነጋገሪያውን መልሰውልኝ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ቆመው ቀሩ። አብሽር፣ አይዞህ የሚሉት እሳቸው እንጂ እኔ አይደለሁም።

ዓርብ፣ ደሴ

ከጋሽ ይመር ጋር ተመለስን። መቀመጫው መሐል ላይ ቆርቆሮ የሚያህል ባዶ ቦታ ነበር።

አለቃዬ ቢሮው በር ላይ ጠበቀኝ። ስልክ ተቀባዩ ከኋላው ተቀምጧል።

«ቆርቆሮውስ?»

«በረከተ» አልኩት።

አለቃዬ እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ስልክ ተቀባዩ ግን ገብቶት አንገቱን ደፋ።