በወፍ ሆድ ያለፈ ዘር

የመንደሩ ምንጭ ድሮ እስከ መስከረም ይፈስ ነበር፤ አሁን ሐምሌ ሳይጋመስ ይነጥፋል። ሽማግሌው ባሱ ውሃው ለምን እንደ ጠፋ ያውቃል። የቸገረው መመለሻው ነው።

ክረምቱ በረዶ፣ ሐምሌው ደረቅ በጋ በሆነበት በዚህ የአትላስ ተራሮች ጥግ፣ ተራራው በየጸደዩ ይዘጋል። ሣሩ ዘሩን እስኪጥል አንዲት ፍየል አትገባም፤ ጥዱ ደግሞ በጋም ክረምትም አይነካም። ሕጉን የጣሰ ሰው በግ አርዶ መንደሩን ያበላል። ባሱ በጉልምስናው የዚህ ክልክል ጠባቂ ነበር። ያን ጊዜ በረዶው በጥዶቹ ጥላ ሥር እስከ ግንቦት ይቆይ ነበር። ጠብ ጠብ እያለ ይቀልጣል፣ አፈሩ ይመጠዋል፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ታች በምንጩ ይወጣል። ተራራ ማለት እኮ ከፍ ብሎ የተቀመጠ እንስራ ነው!

አንድ ክረምት በረዶው መንገድ ዘጋና ፍየሎች በየበረቱ በረሃብ መርገፍ ጀመሩ። ባሱ አንጀቱ አልችል አለ። «ለመኖ የጥድ ቅርንጫፍ ብቻ ቁረጡ» ብሎ ፈቀደ። ቅርንጫፍ የቀመሰ መጥረቢያ ግን ግንዱን አልማረም፤ በአሥር ዓመት ተዳፋቱ ተራቆተ። አሁን በረዶው በመጋቢት ባንድ ሳምንት ቀልጦ፣ አፈሩን ይዞ ይነጉዳል።

ባሱ የጥድ ፍሬ እየለቀመ ሦስት ዓመት ዘራ፤ አንድም አልበቀለ። ኋላ ግን ወፎች ከሚያርፉበት ቋጥኝ ሥር ሁለት ቡቃያ አየ። ለካስ ፍሬው በወፍ ሆድ ሲያልፍ ልባሱ ተገፎ ዘሩ መብቀል ይቀለዋል! ከዚያ ወዲህ ከየቋጥኙ ሥር የወፍ ኩስ እየለቀመ በተዳፋቱ ይዘራል።

«የሰው ባል ማር ይዞ ይገባል፤ የኔው ኩስ!» ትላለች ሚስቱ ኢቶ፣ ከረጢቱን እየተቀበለች።

ባለፈው መከር ባሱ በግ አርዶ መንደሩን ጠራ።

«ዳ ባሱ፣ የማን ፍየል ገብታ ነው?» አለ ጎረቤቱ ሙሃ ለታላቅ በሚባለው «ዳ» ጠርቶት፣ አጥንት እየጋጠ።

«የማንም። ያን ክረምት ሕጉን የጣስኩት እኔ ነኝ። ቅጣቴን ብሉልኝና፣ ቡቃያው እስኪጠና ተራራውን በጋ ከክረምት እንዝጋ።»

«ጥዱ ሲደርስ እኮ አንተ አፈር ነህ!»

«አንተስ ልጅ የለህም? እነሱ ውሃ አይጠጡም?»

መንደርተኞቹ ሲከራከሩ ቆይተው አንዱን ሸንተረር ለሦስት ዓመት ለመዝጋት ተስማሙ፤ እስከዚያ ጥድ ካልታየበት ለፍየሎቹ ይከፈታል።

ዘንድሮ በዚያ ሸንተረር አሥራ አንድ ጥዶች በቅለዋል። ባሱ አሁን ከእያንዳንዱ ቡቃያ በስተደቡብ ጠፍጣፋ ድንጋይ እያቆመ፣ የቀትሩን ፀሐይ እየከለለላቸው ነው።